መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አልተዘጋም፦ በቆሻሻ መለያ ጣቢያ የደኅንነት ሥልጠናን እንደ አዲስ የመሥራት ማስታወሻ

ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የደረቅ ቆሻሻ መለያና መጭመቂያ ጣቢያ ነው። 14 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የመለያ ኮንቬየር (በክብ ብረቶች፣ በሮለሮች፣ ላይ የሚዞር ቀበቶ)፣ ሃይላንድና ካርቶን የሚጨምቁ ሁለት ፕሬሶች፣ አንድ ፎርክሊፍትና አንድ ሎደር አለው። በግቢው ጀርባ የኮምፖስት ክምር አለ፤ ከክምሩ የሚወርደው ፍሳሽ 3 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይጠራቀማል። በሁለት ፈረቃ 46 ሰው ይሠራል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ለቃሚዎቹ የሚከፈላቸው በኪሎ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር የደመወዝ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

እስካሁን የነበረው ሥልጠና በዓመት አንዴ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ለ2 ሰዓት በፕሮጀክተር የሚሰጥ ነበር፤ መጨረሻው ፊርማ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። የፊርማው ወረቀት ለተቆጣጣሪ ይቀርብ ይሆናል፤ እጅን ግን አያተርፍም። የተያዘው ሥራ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሥልጠናውን ከአዳራሽ አውጥቶ ማሽኑ አጠገብ መትከል ነው።

ሳምንት 1፦ ማየት ብቻ

በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ማንም አልሠለጠነም። ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው የመዘገቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሰው እጅ መግባት የሌለበት ቦታ የሚገባው መቼና ለምንድን ነው? «በቸልተኝነት» ብሎ መጻፍ ተከልክሏል። ቃሉ ምክንያቱን ይሸፍናል እንጂ አይገልጥም።

ኮንቬየሩ ላይ ፌስታልና የኬሻ ክር ከመጨረሻው ሮለር ላይ ይጠመጠማል። ጥምጥሙ ሲወፍር ቀበቶው ወደ ጎን ይሄድና ከብረቱ ጋር መፋተግ ይጀምራል። አጠገቡ ያለችው ሠራተኛ ድምፁን ስትሰማ ጎንበስ ትልና እየዞረ ያለውን ክር በእጇ ትስባለች። በአንድ ፈረቃ 7 ጊዜ ተቆጠረ፤ ከሰባቱ ቀበቶው የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማቆሚያው በሌላኛው ጫፍ፣ 12 ሜትር ርቆ ነው ያለው። ደርሶ እስኪመለስ ደግሞ የአሥር ሰው ኪሎ ይቆማል። እንግዲህ «እጅሽን አታስገቢ» ብሎ መምከር ብቻውን ምን ዋጋ አለው?

ከሁሉ የከፋው ግን መብራት ሲጠፋ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ሰዎች ቀበቶው ላይ ወጡ፣ አንዷ ሮለሩ ሥር ገባች፣ አንዱ ደግሞ ፕሬሱ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ የተቀረቀረ ካርቶን ይጎትት ጀመር። ለሠራተኛው ይህ ጊዜ ነፃ ጊዜ ነው፤ ኪሎ አይቀንስም። የኮንቬየሩ ማብሪያ ደግሞ «በርቷል» ላይ እንደ ዞረ የሚቀር ዓይነት ነው፤ ኃይል ሲመለስ ቀበቶው ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ጥበቃው ነው፤ እሱ ካለበት ቦታ ሆኖ ደግሞ ኮንቬየሩ አይታይም።

ሌላው የታየው መዝገቡ ነው። የአደጋ መዝገቡ ላይ ዓመቱን ሙሉ የተጻፈው ሦስት ጉዳት ነው። ከመጋዘን የወጣው ፋሻና ፕላስተር ግን ለሦስት ሰው የሚበዛ ነው፤ በየወሩ አልቆ ይተካል። የተጎዳውን ሰው ቁጥር የሚናገረው ከመዝገቡ ይልቅ የፋሻው ወጪ ነው። ሌላ ጣቢያ ላይ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የመድኃኒት ሣጥኑን ቢከፍት ጥሩ ነው።

ሳምንት 2፦ ጓጉንቸርና ካርድ

ሙሉ ሳምንቱ ለአንድ ነገር ዋለ፦ ማሽን ከመነካቱ በፊት ኃይሉን ቆርጦ መቆለፍ።

የተገዛውና የተሠራው፦ 12 ቀይ ቀለም የተቀቡ ጓጉንቸሮች፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቁልፍ ብቻ የሚከፈቱ፤ እስከ 6 ጓጉንቸር የሚይዙ 3 ብረቶች፤ የሠራተኛው ፎቶ ያለባቸው 12 በፕላስቲክ የታሸጉ ካርዶች። ትርፍ ቁልፎቹ በታሸገ ፖስታ ለጣቢያው ኃላፊ ተሰጡ። በፎርማን ኪስ የሚዞር ትርፍ ቁልፍ ካለ ቆልፎ መሥራት የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ሰው ቸኩሎ የሌላውን ሰው ጓጉንቸር ይከፍታል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። «ላቆም ነው» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር። በማቆሚያው ማቆም። ዋናውን ማቋረጫ ማጥፋት። ጓጉንቸር ማስገባት፣ ካርድ ማንጠልጠል፣ ቁልፉን በራስ ኪስ መያዝ። በማሽኑ ውስጥ የቀረ ጉልበት ካለ መልቀቅ፤ ፕሬስ ከሆነ መግፊያውን እስከ ታች አውርዶ የዘይቱን ግፊት መልቀቅ። ከዚያ የማስነሻውን ቁልፍ መጫን፤ ማሽኑ መነሳት የለበትም። እጅ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ማሽን ላይ ሦስት ሰው ቢሠራ ሦስት ጓጉንቸር ይገባል፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ያወጣል።

ይህን ወረቀት ላይ መጻፍ ቀላል ነው። ጓጉንቸር ይዘን ማሽኑ ጋ ስንሄድ የተገኘው ግን ይህ ነው፦

ዋናው ማቋረጫ ጓጉንቸር የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ከ3 ሚሊሜትር ላሜራ ማቀፊያ ተቆርጦ ሣጥኑ ላይ ተበየደ። እስከዚያ ድረስ ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ በቂ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። አይደለም፤ እሱ የሚያቋርጠው የመቆጣጠሪያውን መስመር እንጂ ዋናውን ኃይል አይደለም፤ ማንም አዙሮ ይለቀዋል።

«ኮንቬየር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብሬከር ኮንቬየሩን አያጠፋም። የታወቀው የማስነሻ ቁልፉ ሲጫን ነው፤ ተቆልፎም ቀበቶው ተነሳ። ሣጥኑ ከተጻፈበት በኋላ መስመሮቹ ተቀያይረዋል። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ሙከራ ለወጉ የሚደረግ ይመስለዋል፤ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ስህተቱን የያዘው ግን እሱ ብቻ ነው። ሁሉም ብሬከሮች አንድ በአንድ ተፈትሸው እንደ አዲስ ተጻፈባቸው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለው ብሬከር ላይ መቆለፍ ነበር። ጄኔሬተሩ ግን የሚገናኘው ከዚያ በኋላ፣ በቼንጅ ኦቨሩ (ከመብራት ኃይል ወደ ጄኔሬተር በሚቀይረው ማብሪያ) ላይ ነው። ከቆጣሪው በኩል ብቻ የቆለፈ ሰው መብራት ኃይልን እንጂ ጄኔሬተሩን አልቆለፈም። መቆለፊያው ከቼንጅ ኦቨሩ በኋላ፣ ማሽኑ አጠገብ መሆን አለበት። ጄኔሬተር ያለው ጣቢያ ሁሉ ይህን ዛሬውኑ ሄዶ ቢያይ እንወዳለን።

ሌላው እርማት የኤሌክትሪሻን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዞሮ የሚቀረው ማብሪያ ወጥቶ ኃይል ሲቋረጥ በራሱ የሚለቅ ማብሪያ (ኮንታክተር) እና የሚጫን የማስነሻ ቁልፍ ገቡ። አሁን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀበቶው በራሱ አይነሳም፤ ሰው መጫን አለበት። በቀበቶው ርዝመት ደግሞ በሁለቱም በኩል የሚጎተት የማቆሚያ ገመድ ተዘረጋ። ያ የ12 ሜትር መንገድ ቀረ። ከዚህ በኋላ ነው «አቁሚና ሳቢ» ማለት ትርጉም ያገኘው። መሐንዲሱ ሊያስተካክለው የሚችለውን ነገር ለሠራተኛው ትምህርት አድርጎ መስጠት ሸክሙን ወደ ደካማው ትከሻ ማዛወር ነው።

ልምምዱ፦ 6 ሰው በአንድ ጊዜ፣ ማሽኑ ጋ፣ 20 ደቂቃ። አሠልጣኙ አንዴ ያሳያል፤ ከዚያ እያንዳንዷ በራሷ እጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትሠራዋለች። ስትጨርስ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ቁልፉ የት ነው?»

«እኔ ጋ።»

«ፎርማኑ ቶሎ በይ ቢልሽስ?»

«እጄ ሳይወጣ አይወጣም።»

ሁለተኛው መልስ ከማንም የተጠና አልነበረም፤ ከአንዲት ለቃሚ አፍ ወጣ፤ በማግሥቱ ሁሉም ይሉት ጀመር። በዚያው ሳምንት የታረመ አንድ ስህተት፦ ቁልፎቹ በአንገት ገመድ ተሰጥተው ነበር። ጎንበስ ሲሉ ገመዱ ወደ ሮለሩ ይንጠለጠላል። ገመዱ ወጣ፤ የቱታው የደረት ኪስ ላይ ዚፕ ተሰፋ።

ሳምንት 3፦ መርፌ፣ ምላጭ፣ ጠርሙስ

ስለ ጓንት ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ጓንቱ ላይ ኢኤን 388 (የአውሮፓ የመከላከያ ጓንት መለኪያ) የሚል ምልክትና አራት አኃዝ ካለ፣ አራተኛው የመወጋት መቋቋሚያው ነው፤ ከፍተኛው 4 ነው። ፈተናው የሚደረገው ግን 4.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የብረት ዘንግ ነው። የሲሪንጅ መርፌ ከዚያ እጅግ ይቀጥናል። ስለዚህ «4» የተጻፈበት ጓንት ምስማርና ስንጥር ያግዳል፤ መርፌን ግን ያግዳል ማለት አይደለም። ለሠራተኛው «ይህ ጓንት ይጠብቅሻል» ብሎ መስጠት አደገኛ ነው፤ ተማምና ትጨብጣለች።

ስለዚህ ሥልጠናው ከጓንቱ ወደ እጅ አያያዝ ዞረ። ፌስታል አይጨመቅም፤ ኬሻ ታቅፎ አይያዝም፣ ከጭን ጋርም አይነካካም፤ ከላይ ተይዞ ከሰውነት ርቆ ይነሳል። ክምር የሚበተነው በመንጠቆ ነው። መንጠቆው እዚያው ተሠራ፦ 45 ሴንቲሜትር የሆነ የ8 ቁጥር ፌሮ፣ ጫፉ ታጥፎ በሞላ ማሽን የደነዘ፣ መያዣው በካላማዳሪያ የተጠቀለለ። የመጀመሪያዎቹ 60 ሴንቲሜትር ነበሩ፤ ቀበቶው ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሴቶች እርስ በርስ ክርናቸውን ተመታቱ፤ አጠሩ። በስድስተኛው ቀን ሁሉም መንጠቆ ይዘው ነበር፤ ክምሩን ከእጅ ይልቅ ቶሎ ስለሚበትን ኪሎ ይጨምራል። ደኅንነቱና ኪሎው አንድ አቅጣጫ ሲይዙ ቁጥጥር አያስፈልግም።

ለመርፌ ማጠራቀሚያ 5 ሊትር የሚይዝ የዘይት ጀሪካን በየ4 ሜትሩ በቀበቶው ጎን ታሰረ። መርፌ በእጅ አይነሳም፤ በረጅም መቆንጠጫ ነው። የመርፌውን ክዳን መልሶ መግጠም ክልክል ነው። ጀሪካኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል፤ እስከ አፉ ከሞላ ሲወረውሩ የሚወጋው ቀጣዩን ሰው ነው።

ሰው ከተወጋስ? ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ደሙ እንዲወጣ አይጨመቅም፤ አይመጠጥም፤ በረኪና አይፈስበትም። ከዚያ ወዲያው፣ ፈረቃው እስኪያልቅ ሳይጠበቅ፣ ወደ ጤና ተቋም። ለኤችአይቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚሻለው፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፤ የሚወሰደው 28 ቀን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሦስት ዙር፣ በ0፣ በ1ኛውና በ6ኛው ወር ይሰጣል፤ መሰጠት ያለበትም ከመወጋት በፊት ነው፤ የሁሉም ሠራተኛ ስም ዝርዝር ለዚህ ተዘጋጀ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አብሮ።

ይህ ሁሉ እውቀት ሠራተኛዋ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የት እንደምትሄድ ካላወቀች ከንቱ ነው። በአካባቢው ያሉ ጤና ተቋማት ጋ በአካል ተሄደ፤ መድኃኒቱን የሚይዘው የትኛው እንደሆነ፣ ሌሊት ማን እንደሚኖር ተጠየቀ፤ መልሱ በካርድ ተጽፎ የመድኃኒት ሣጥኑ ክዳን ላይ ተለጠፈ። ሣጥኑ ውስጥ የባጃጅ ደርሶ መልስ ገንዘብ በፖስታ ተቀመጠ። የዚያ ቀን ክፍያም በአማካይ ኪሎዋ እንዲታሰብ ተወሰነ። ተወግተው የሚደብቁት ቸልተኛ ሆነው ሳይሆን የቀን ገቢያቸው ስለሚቀር ነበር።

ሳምንት 4፦ ጉድጓዱ

የፍሳሹ ፓምፕ በየጊዜው በፌስታል ይዘጋል። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ሰው በመሰላል ወርዶ ያጸዳው ነበር። ከበሰበሰ ቆሻሻ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 100) ሲጠጋ ግን አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ከዚያ በላይ ብዙ ከፍ ካለ በጥቂት ትንፋሽ ውስጥ ሰው ይወድቃል። የወደቀውን ሊያነሳ የሚወርደው ሁለተኛው ሰው ደግሞ አብሮ ይቀራል። በዚህ ላይ የሚሰጠው ሥልጠና አጭር ነው፦ አይወረድም። ጓደኛ ቢወድቅም አይወረድም።

«አይወረድም» ማለት የሚሠራው ግን ፓምፑ ራሱ ወደ ላይ መውጣት ሲችል ነው። ፓምፑ በሰንሰለት ታሰረ፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ ባለ ሦስት እግር ብረት በመዘውር ቆመ፤ ሁለት ሰው ጎትቶ ያወጣዋል፤ ከላይ ይጸዳል። በመምጫው ላይ የሽቦ ወንፊት ገባ። መሰላሉ ተነቅሎ ወጣ፤ የጉድጓዱ አፍ የብረት ክዳንና ጓጉንቸር ተደረገለት።

የጋዝ መለኪያው ስለ ከፍታ ትምህርት ሰጠ። መሣሪያው ሲበራ ንጹሕ አየር ላይ ሆኖ ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው ብሎ ይጮህ ነበር፤ ስለዚህ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ኖሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ኦክስጅኑ እዚህም 20.9 በመቶ ነው፤ ግፊትን የሚለኩ አንዳንድ ሴንሰሮች ግን ታች ተስተካክለው ከመጡ ወደ 16 አካባቢ ያነባሉ። መፍትሔው መሣሪያውን እዚሁ፣ ከክምሩ ርቆ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆሞ በንጹሕ አየር 20.9 ላይ ማስተካከል ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ሆኖ ማስተካከል የተበከለውን አየር ንጹሕ ብሎ ማስተማር ነው። የማስጠንቀቂያ ልኮቹ፦ ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ 10 ፒፒኤም፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ ልክ 10 በመቶ። ከበሰበሰ ቆሻሻ የሚወጣው ሚቴን አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል።

ስለ ክምሩ፦ ሎደሩ ከሥር እየቦረቦረ ይወስዳል፤ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሴቶች ከሥሩ ካርቶን ይለቅማሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው እንደ ቀጠፈ በዚህ ከተማ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የእኛው ክምር ትንሽ ነው፤ ግን 4 ሜትር የቆመ እርጥብ ቆሻሻ ሰው ለመቅበር ይበቃል። ከሎደሩ ባልዲ መድረሻ በላይ አይቆለልም፤ ከላይ ወደ ታች እየተደለደለ ይወሰዳል፤ ከክምሩ እግር የቁመቱን ያህል ርቀት ላይ ነጭ ኖራ ተሰመረ፤ ከመስመሩ ውስጥ ለቀማ የለም። ዝናብ ሲዘንብ ኖራው ይታጠባል፤ በየጠዋቱ እንደገና ይሰመራል።

ባትሪና ስፕሬይ፦ ያበጠ የስልክ ባትሪና ያላለቀ የነፍሳት ማጥፊያ ቆርቆሮ ፕሬስ ውስጥ ከገቡ እሳት ናቸው። ለሁለቱም ደረቅ አሸዋ ያለበት የብረት በርሜል ከግቢው ዳር ተቀመጠ። የመለያው ሥልጠና በእውነተኛ ዕቃ ነው፤ 20 ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ለቃሚዋ አደገኛውን ታወጣለች።

ሳምንት 5፦ «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ቀረ

«ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም «አዎ» ይላል፤ ታላቅን ወይም አለቃን «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራል። በምትኩ «እስኪ አሳዩን» ሆነ። ትልልቆቹ ሴቶች፣ እነ እትዬ የሚባሉት፣ በወጣት አሠልጣኝ ፊት ሲሳሳቱ እንዳያፍሩ መጀመሪያ እነሱ ሠልጥነው አሠልጣኝ ሆኑ። ይህ ከሠራነው ሁሉ ያተረፈ ውሳኔ ሳይሆን አይቀርም፤ እነሱ ካሉት ማንም አይወጣም። አማርኛ የማይቀናቸውን የሚያሠለጥኑት ኦሮምኛና ወላይትኛ የሚናገሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ጊዜው ከፈረቃ በፊት 12 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አንድ ርዕስ ብቻ። ይህ ጊዜ ይከፈላል። በኪሎ ለሚሠራ ሰው ያልተከፈለበት ሥልጠና ቅጣት ነው።

የእጅ መታጠብ ትምህርት የተሰጠው ምሳ ላይ ነው። ጓንት ሲወልቅ የውጩ ፊት በባዶ እጅ ይነካል፤ በዚያ እጅ እንጀራ ይቆረሳል፣ ለጓደኛም ጉርሻ ይሰጣል። የውሃ ቧንቧው ከመመገቢያው በር ፊት ተዛወረ፤ ሳይታጠቡ ማለፍ አስቸገረ።

ሳምንት 6፦ ሳይነገር የተደረገ ሙከራ

ኤሌክትሪሻኑ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ዋናውን ብሬከር ጣለው፤ ለሠራተኛው መብራት እንደ ጠፋ ነው። በዚያው ቅጽበት የኮንቬየሩና የሁለቱ ፕሬሶች ማቋረጫዎች ጠፍተው በታዛቢዎች ጓጉንቸር ተቆልፈዋል፤ ይህ ሳይደረግ እንዲህ ያለ ሙከራ በፍጹም አይሞከርም። ጓጉንቸሩ ከታየ ሙከራው ስለሚበላሽ ታዛቢዎቹ ሣጥኖቹ ፊት ቆመዋል።

በቀበቶው ላይ ከነበሩት 11 ሰዎች 9ኙ እጃቸውን አንስተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ሁለቱ ሮለሩን መጎተት ጀመሩ። ሁለቱም በዚያ ሳምንት የገቡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ አላሠለጠንናቸውም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሥልጠናው በሳምንት ፕሮግራም ስለተያዘ አርብ የገባ ሰው እስከ ማክሰኞ ባዶውን ይሠራል። አሁን አዲስ ሰው ካርድ ሳይሰጠው በሩን አያልፍም፤ ካርዱ የሚሰጠው ቆልፎ፣ ሞክሮና ከፍቶ ሲያሳይ ነው።

መዝገቡ ላይ በአንድ ወር 14 ጉዳይ ተጻፈ፤ አብዛኛው «ለጥቂት የተረፈ» በሚለው አምድ። የአደጋው ቁጥር ጨመረ ብሎ ያዘነ ነበር። ግን የፋሻው ወጪ ቀንሷል። «አደጋ ላልደረሰበት ፈረቃ» ይሰጥ የነበረው ሽልማትም ቀረ፤ ሽልማቱ ጉዳትን ሳይሆን ወሬውን ነበር የሚቀንሰው።

ያልተሠሩ፦ ፎርክሊፍቱና እግረኛው አሁንም በአንድ በር ይወጣሉ፤ ሁለተኛ በር ለመክፈት የግንቡ ፈቃድ ይጠበቃል። የአፍንጫ መሸፈኛው አቧራ አያግድም፤ የቀዶ ሕክምና ዓይነት ነው፤ እስኪቀየር መጥረግ የሚፈቀደው ውሃ ከተረጨ በኋላ ነው።

ትናንት ማታ በሁለተኛው ፕሬስ በር ላይ ያለው ማቆሚያ ስዊች በሽቦ ታስሮ ተገኘ። ያሰረው ማን እንደሆነ አልተጠየቀም፤ ለምን እንደታሰረ ተጠየቀ። የበሩ ማጠፊያ ስለ ተጣመመ ስዊቹን አይነካም፤ በሩ ተዘግቶም ፕሬሱ እንቢ ይላል። ሽቦው ተቆርጧል፤ ማጠፊያው ማክሰኞ ይበየዳል። እስከዚያ ፕሬሱ ቆሟል፤ ቀዩ ጓጉንቸር ማቋረጫው ላይ ነው፣ ቁልፉ የኤሌክትሪሻኑ ደረት ኪስ ውስጥ።